ከባሕሩ በፊት መዝገቡ፦ የሰጠሙ የእስፓኝ የሀብት መርከቦች ፍለጋ ታሪክ

ስለ ሰጠሙ የሀብት መርከቦች ሲነሣ በብዙዎቻችን ኅሊና የሚታየው ሥዕል አንድ ዓይነት ነው። ይኸውም በባሕር ወለል ላይ በአሸዋ ተሸፍኖ የሚብለጨለጭ ወርቅና ወደ እርሱ የሚወርድ ጠላቂ ነው። ሥዕሉ ፈጽሞ ሐሰት ነው ባይባልም፣ የነገሩን መጨረሻ ብቻ የሚያሳይ ነው። ጠላቂው ወደ ውሃው ከመግባቱ አስቀድሞ አንድ ሰው በቤተ መዛግብት ተቀምጦ፣ ትል የበላውን ወረቀት እየገለጠ፣ መርከቢቱ የት እንደ ሰጠመች፣ ምን እንደ ጫነችና ጭነቱ የማን እንደ ነበረ ማጣራት ይኖርበታል። ይህን ሥራ ዘልሎ ወደ ባሕር የሮጠ ፈላጊ ገንዘቡንና ዕድሜውን ሲከሰክስ መኖሩን ታሪክ በተደጋጋሚ አሳይቷል።

መዝገብ መጠበቅና ማደራጀት ሥራችን ለሆነው ለእኛ ለማኅበራችን አባላት ይህ ጉዳይ ከተረትነት ያለፈ ቁም ነገር አለው። አንድ ጸሐፊ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ በፊት የጻፈው ቁጥር በኋለኛው ዘመን እንዴት ማስረጃ ሆኖ እንደ ቆመ፣ አንድ የቦታ ስም በትክክል ባለመነበቡም ምን ያህል ድካም ባክኖ እንደ ቀረ ያሳየናልና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል አስቀድሜ አሳስባለሁ።

፩. መርከቦቹና ጭነታቸው

እስፓኝ በአሜሪካ ምድር ሰፊ ግዛት ከያዘች በኋላ፣ በ1545 በዛሬይቱ ቦሊቪያ በሚገኘው በፖቶሲ ተራራ እጅግ ብዙ የብር ማዕድን ተገኘ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ በሜክሲኮ በሳካቴካስ ሌላ የብር ማዕድን ታወቀ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የእስፓኝ ነገሥታት የጦርነትና የቤተ መንግሥት ወጪ ባብዛኛው በዚህ ብር ላይ የተመሠረተ ሆነ። ንጉሡ በሕግ ከማዕድኑ አንድ አምስተኛውን ይወስድ ስለ ነበር፣ እያንዳንዱ የብር ጡብ ተመዝኖ፣ ቁጥርና ማኅተም ተመትቶበት መመዝገቡ ግድ ነበር።

የፖቶሲ ብር በላማና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ፓስፊክ ጠረፍ ይወርዳል፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ፓናማ ይሄዳል፤ የፓናማን ቀጭን ምድር እንደገና በበቅሎ ተሻግሮ በካሪቢያን ባሕር ዳርቻ ትላልቅ መርከቦችን ይጠብቃል። መርከቦቹ በሀቫና ወደብ ከተሰበሰቡ በኋላ በፍሎሪዳ መተላለፊያ አልፈው ወደ እስፓኝ ያመራሉ። ከ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ የባሕር ሽፍታና የጠላት ጦር ስላሰጋቸው ተሰባስበውና በጦር መርከብ ታጅበው እንዲጓዙ ተደነገገ።

ይሁን እንጂ ከሽፍታውና ከጠላቱ ይልቅ ብርቱ ባላጋራ የነበረው ነፋስ ነው። የእስፓኝ የባህል ሚኒስቴር በ2019 ይፋ ያደረገው ዝርዝር ከ1492 እስከ 1898 ባለው ጊዜ በአሜሪካ ውሆች የሰጠሙ 681 የእስፓኝ መርከቦችን መዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ 91 በመቶ ያህሉ የጠፉት በማዕበልና በዐውሎ ነፋስ ነው። በባሕር ወንበዴ እጅ የጠፉት አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም። ይኸው ዝርዝር ሲወጣ፣ ከተመዘገቡት መርከቦች ውስጥ ፍርስራሻቸው ተገኝቶ የታወቀው ከሩብ ያነሱት ብቻ ነበሩ። ስለ ወንበዴዎች የተጻፈው ልብ ወለድ ምን ያህል ከእውነቱ እንደ ራቀ፣ ገና ሳይገኝ የቀረውም ምን ያህል እንደ በዛ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ1622 የሆነው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ ዓመት ጉዞው እየዘገየ ሄዶ 28 መርከቦች ከሀቫና የተነሡት መስከረም 4 ቀን፣ ማለትም ዐውሎ ነፋስ በሚበረታበት ወቅት ነበር። በማግስቱ ማዕበሉ ደረሰባቸውና ስምንቱ ጠፉ። ከጠፉት መካከል «ኑኤስትራ ሴኞራ ደ አቶቻ» እና «ሳንታ ማርጋሪታ» የተባሉት ሁለቱ እጅግ ብዙ ሀብት የጫኑ ነበሩ። አቶቻ የጉዞው የኋላ ደጀን በመሆኗ 20 የነሐስ መድፎች ታጥቃ ነበር። በላይዋ ከነበሩት 265 ሰዎች ከሞት የተረፉት አምስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ መርከበኞች፣ ሁለቱ ባሮች ነበሩ።

፪. የሴቪል መዛግብት

የእስፓኝ መንግሥት የአሜሪካን ንግድ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት በሴቪል ከተማ ያቋቋመው በ1503 ነው። ይህ መሥሪያ ቤት መርከብ ሲነሣም ሆነ ሲገባ የሰውን ስም፣ የጭነቱን ዓይነት፣ የሚከፈለውን ግብር ይመዘግብ ነበር። በእያንዳንዱ የሀብት መርከብ ላይም ብሩን የሚረከብ አንድ ሹም ይመደባል። እርሱም የብሩን ቁጥር፣ ክብደት፣ ጥራት፣ የላኪውንና የተቀባዩን ስም እየጻፈ ይፈርማል። የመዝገቡ ግልባጭ በሌላ መርከብ ስለሚላክ፣ መርከቢቱ ብትሰጥም እንኳ ወረቀቱ አብሮ አይሰጥምም። አንዲት መርከብ በጠፋች ጊዜ ደግሞ የተረፉት ሰዎች ቃል፣ የነጋዴዎች ክስ፣ ሀብቱን ከባሕር ለማውጣት የወጣው ወጪ ሒሳብ ሁሉ ዶሴ እየሆነ ይከማች ነበር።

ይህ ሁሉ ጽሑፍ በልዩ ልዩ ከተሞች ተበትኖ ከቆየ በኋላ፣ በ1785 በንጉሥ ካርሎስ ሣልሳዊ ትእዛዝ በሴቪል በአንድ ሕንፃ እንዲሰበሰብ ተደረገ። የሕንዶች አጠቃላይ ቤተ መዛግብት የሚባለውም ይህ ነው። ሕንፃው ቀደም ሲል በሁዋን ደ ኤሬራ ንድፍ ለነጋዴዎች መሰብሰቢያ የታነጸ ሲሆን፣ በ1987 ከካቴድራሉና ከቤተ መንግሥቱ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በውስጡ በገመድ የታሰሩ 43,000 ያህል የሰነድ ጥቅሎች፣ በገጽ ሲቆጠሩም 80 ሚሊዮን የሚደርሱ ጽሑፎች ይገኛሉ።

ከእንዲህ ያለ ክምችት ውስጥ የአንዲትን መርከብ ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም። ጸሐፊዎቹ በጊዜው የተጠቀሙበት የእጅ ጽሕፈት ብዕሩን ከወረቀቱ ሳያነሡ ቃልን ከቃል እያያያዙ የሚጽፉበት ስለ ነበር፣ ቋንቋውን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው እንኳ ልዩ ትምህርት ካልተማረ አያነበውም። ከዚህም በላይ ሰነዱ የተደራጀው ለመርከብ ፈላጊ ታስቦ አይደለም። ስለ አንዲት የሰጠመች መርከብ የሚናገረው ወረቀት ከሒሳብ ምርመራ ዶሴ ወይም ከነጋዴዎች ክርክር መካከል ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው መሥሪያ ቤቱ እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ፣ የትኛው ወረቀት ከየትኛው ሹም ወደ የትኛው ሹም ይተላለፍ እንደ ነበረ ነው።

፫. አንድ የቦታ ስም ያስከተለው ስሕተት

አቶቻ በሰጠመች በጥቂት ቀናት ውስጥ ጋስፓር ደ ቫርጋስ የተባለ ሹም ከሀቫና ተልኮ ስፍራዋን አገኘ። የኋለኛው ምሰሶዋ ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። ጠላቂዎቹ ሲወርዱ በሮቿና መስኮቶቿ ተቆላልፈው አገኟቸው። የሚሰብሩበት መሣሪያ ስላልነበራቸው ሌሎቹን መርከቦች ለመፈለግ ትተዋት ሄዱ። በጥቅምት 5 ቀን ግን ሁለተኛ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ የመርከቢቱን አካል ሰባበረው፤ ምሰሶውም ጠፋ። ከዚያ ወዲያ እስፓኛውያን ለብዙ ዓመታት ቢፈልጉ ዋናውን ጭነት አላገኙም።

በ20ኛው መቶ ዓመት ፈላጊዎች እንደገና ሲነሡ በእጃቸው የነበረው መረጃ መርከቢቱ በማቴኩምቤ ደሴቶች አጠገብ መስጠሟን የሚናገር ነበር። በዘመናዊው ካርታ ላይ ማቴኩምቤ የሚባሉት ደሴቶች በፍሎሪዳ ደሴቶች ሰንሰለት መካከል ላይ ናቸው። በዚህ ምክንያት ሜል ፊሸር የተባለው አሜሪካዊ ፈላጊም፣ ሌሎችም በዚያ አካባቢ የባሕሩን ወለል ሲያስሱ ቆዩ። ያገኙት ነገር ግን አልነበረም።

ስሕተቱን ያረመው ጠላቂ ሳይሆን የታሪክ ተማሪ ነው። ዩጂን ላየን በፍሎሪዳ ስለ እስፓኛውያን አሰፋፈር የዶክትሬት ጥናት ለማካሄድ ወደ ሴቪል ሄዶ ነበር። ከፊሸር ጋር ትውውቅ ስለ ነበረው በሚሠራበት መዝገብ ውስጥ የ1622ቱን መርከቦች ነገር እንዲመለከትለት ተጠየቀ። ላየንም ፍራንሲስኮ ኑኤስ ሜሊያን የተባለ ሰው ሳንታ ማርጋሪታን አግኝቶ ሀብት ስላወጣበት ሥራ ያቀረበውን ሒሳብ አገኘ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ መርከቢቱ የተገኘችበት ስፍራ የማርኬስ ደሴቶች ተብሎ ተጠቅሷል። የጉዞው አዛዥ የነበረው የካዴሬይታ ማርኬስ ከአደጋው በኋላ ሀብቱን የማውጣቱን ሥራ ለመቆጣጠር በዚያ ሰፍሮ ስለ ነበር ደሴቶቹ በማዕርግ ስሙ መጠራት ጀመሩ። እነዚህም ዛሬ ማርኬሳስ የሚባሉት፣ ከኪ ዌስት ከተማ በስተ ምዕራብ የሚገኙት ናቸው።

ምሥጢሩ እንዲህ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት ማቴኩምቤ የሚለው ስም የደሴቶቹን ሰንሰለት በጠቅላላው የሚያመለክት ሲሆን፣ በኋለኛው ዘመን ግን ለሁለት ደሴቶች ብቻ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ስሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያመለክተው ስፍራ ነው። ይህን ሳያስተውሉ የቀሩ ሰዎች ከእውነተኛው ቦታ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ሲፈልጉ ኖሩ። በዚያ ላይ የዘመኑ መርከበኞች ኬንትሮስን በትክክል የሚለኩበት መሣሪያ ስላልነበራቸው፣ ርቀትና አቅጣጫ ሲጽፉ የሚጽፉት ግምታቸውን እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። በአሮጌ መዝገብ ውስጥ ያለ የቦታ ስም በዘመኑ ካርታ እንጂ በዛሬው ካርታ መተርጎም እንደሌለበት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

፬. ቁጥር 4584

ፍለጋው ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች ከዞረ በኋላ በ1971 አንድ ትልቅ መልሕቅና ጥቂት ወርቅ ተገኘ። በ1973 ደግሞ ሦስት የብር ጡቦች ወጡ። በዚያን ጊዜ ብዙ ተቺዎች ዕቃው ከሌላ መርከብ የመጣ ነው፣ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ይህን ክርክር የቆረጠው አንድ ቁጥር ነው። ከጡቦቹ በአንደኛው ላይ 4584 የሚል ቁጥር ተመትቶ ነበር። ላየን ከሴቪል ባገኘው የአቶቻ የጭነት መዝገብ ውስጥ ቁጥሩ ተጽፎ ተገኘ፤ የጡቡም ክብደት ጸሐፊው ከመዘገበው ጋር ገጠመ።

በሐምሌ 1975 የሜል ፊሸር ልጅ ዲርክ ፊሸር አምስት የነሐስ መድፎች አገኘ። በመድፎቹ ላይ የተቀረጸው የክብደት ቁጥርም በእስፓኝ መዝገብ ከተጻፈው የአቶቻ መድፎች ዝርዝር ጋር ተስማማ። ይሁን እንጂ ደስታው ሳምንት እንኳ በወጉ አልቆየም። ሐምሌ 20 ቀን ሌሊት የሥራ ጀልባቸው ተገልብጣ ዲርክ፣ ሚስቱ አንጀል፣ አንድ ጠላቂም ጨምሮ ሦስት ሰዎች ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው አሥር ዓመት ቀጠለ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ደንከን ማቲውሰን ዕቃዎቹ በአሸዋው ላይ የተበተኑበትን ሁኔታ በካርታ አስፍሮ ሲያጠና፣ የመርከቢቱ ዋና አካል ከመድፎቹ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በጥልቁ ውሃ መሆን እንዳለበት ገመተ። በ1980 የሳንታ ማርጋሪታ ፍርስራሽ ተገኘ። በመጨረሻም ሐምሌ 20 ቀን 1985፣ ማለትም ወጣቶቹ በሞቱ በዐሥረኛው ዓመት በዚያው ዕለት፣ ጠላቂዎች ወደ 16 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት እንደ ግንብ የተደረደሩ የብር ጡቦች ላይ ደረሱ። የአቶቻ መዝገብ ከዘረዘረው ውስጥ 24 ቶን ያህል የብር ጡብ፣ 180,000 ፔሶ የብር ገንዘብ፣ 582 የመዳብ ጡቦች፣ 125 የወርቅ ቡላሎችና ክብ ወርቆች፣ እንዲሁም ኢንዲጎ የተባለው ሰማያዊ ቀለምና ትምባሆ ይገኙበታል።

፭. መዝገቡ የማይናገረው

እስካሁን የተባለው መዝገብ ሁሉን የሚያውቅ ሊያስመስለው ይችላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከአቶቻ ፍርስራሽ ብዙ የኮሎምቢያ ኤመራልድ የወጣ ሲሆን፣ በጭነቱ መዝገብ ላይ ግን አልተጻፈም። ግብር ላለመክፈል ተደብቆ የተጫነ ነበርና። ስለዚህ መዝገብ የሚነግረን ሹሙ የተነገረውንና ለመጻፍ የተገደደውን እንጂ በመርከቧ ሆድ ውስጥ የነበረውን ሁሉ አይደለም። የተመራማሪው ዕውቀት የሚለካውም ሰነዱ በሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ሰነዱ ለምን ዝም እንዳለ በመረዳቱ ጭምር ነው።

ከዚህም የከፋ ዝምታ አለ። እያንዳንዱ የብር ጡብ ቁጥር፣ ማኅተምና የባለቤት ምልክት ነበረው። በፖቶሲ ተራራ ውስጥ በግዳጅ ተራ እየተመደቡ ያንን ብር ከድንጋይ የፈለፈሉት የአገሩ ተወላጆች ግን በጭነቱ መዝገብ ላይ ስም የላቸውም። ብሩ የማን ንብረት እንደ ሆነ ተጽፏል፤ በማን ላብ እንደ ወጣ አልተጻፈም። በባሕር ውስጥም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በሳንታ ማርጋሪታ ላይ የወረዱት ጠላቂዎች አብዛኞቹ ባሮች ነበሩ። ሜሊያን ከነሐስ የተሠራ፣ በውስጡ አየር የሚይዝ ትልቅ ደወል መሰል ዕቃ አሠርቶ ጠላቂዎቹን በእርሱ ያወርዳቸው ነበር። በ1626 ሁዋን ባኞን የተባለ ባሪያ ከሳንታ ማርጋሪታ የመጀመሪያውን የብር ጡብ ይዞ ወጣ። መርከቢቱን ቀድሞ ላገኘ ነፃነት ይሰጠዋል ተብሎ ስለ ነበርም ነፃ ወጣ። ይህ ሰው ስሙ ሊታወቅ የቻለው ስለ ነፃነቱ የወጣው ወጪ በሒሳብ መዝገብ ውስጥ መግባት ስለ ነበረበት ነው። ከእርሱ ጋር ጠልቀው በባሕሩ የቀሩት ግን እንደዚያ ያለ ዕድል አላገኙም።

፮. ሀብቱ የማን ነው?

ፊሸርና ጓደኞቹ ከፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት ጋር ለዓመታት ከተካሰሱ በኋላ በ1982 የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዕቃው ለፈላጊዎቹ እንዲለቀቅ የሚያስችል ውሳኔ ሰጠ። የተገኘው ሀብት በገንዘብ ለደገፉት ባለአክሲዮኖች ተከፋፈለ፤ ከፊሉም በጨረታ ተሸጠ። ያ ብር በአንድ መዝገብ አንድ ላይ ተጽፎ፣ በአንዲት መርከብ አንድ ላይ ተጭኖ፣ አንድ ላይ ከሰጠመ በኋላ፣ ከባሕር የወጣ ዕለት ተበታተነ። ፈላጊዎቹ አሸዋውን ለመግፋት የሚጠቀሙበት የመርከብ መዘውር የሚያስነሣው ኃይለኛ ውሃም ዕቃዎቹ ከወደቁበት ስፍራ እየጠራረገ ያናውጣቸው ነበር። ለአርኪዮሎጂ ባለሙያ የዕቃው አወዳደቅ ራሱ ሰነድ ነው። እርሱን ማናወጥ አንድን ዶሴ ፈትቶ ገጾቹን ያለ ቁጥር ከመበተን አይለይም።

በዚህ ረገድ የዓለም አስተሳሰብ እየተለወጠ መጥቷል። በ2001 ዩኔስኮ ቢያንስ ለመቶ ዓመታት በውሃ ውስጥ የቆየ ቅርስ ለንግድ እንዳይውል የሚከለክል ስምምነት አጸደቀ፤ ስምምነቱም በ2009 በሥራ ላይ ዋለ። አንድ አሜሪካዊ ኩባንያ በ2007 ከአትላንቲክ ወለል ያወጣው 600,000 የሚጠጋ ሳንቲም ጉዳይ ደግሞ ነገሩን በፍርድ ቤት ፈተነው። እስፓኝ ከመዛግብቷ ባቀረበችው ማስረጃ፣ ገንዘቡ የወጣው በ1804 በእንግሊዞች ጥቃት ከፈነዳችው «መርሴደስ» ከተባለችው የጦር መርከብ መሆኑን አሳየች። ፍርድ ቤቱም የመንግሥት የጦር መርከብ ንብረትነቷ እንደማይቀር ስለ ወሰነ ሳንቲሙ በ2012 ወደ እስፓኝ ተመለሰ። ፔሩም ሳንቲሙ በምድሯ የተመታ መሆኑን ጠቅሳ ተከራክራ ነበር፤ ነገር ግን አልተሳካላትም።

በ1708 ከካርታሄና ወደብ ፊት ለፊት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ስትዋጋ 600 ያህል ሰዎች ይዛ የሰጠመችው «ሳን ሆሴ» ሌላዋ ምሳሌ ናት። ኮሎምቢያ በ2015 መርከቢቱ መገኘቷን ይፋ አደረገች። ማንነቷ የታወቀውም በዶልፊን ምስል በተጌጡት የነሐስ መድፎቿ ነው። በባሕሩ ወለል የታዩት በ1707 በሊማ የተመቱ ሳንቲሞችም ይህንኑ የሚያጸና ማስረጃ ሆነዋል። መርከቢቱ ያለችው በ600 ሜትር ያህል ጥልቀት ስለ ሆነ ጥናቱ የሚካሄደው ሰው በሌለበት መሣሪያ ነው። መንግሥቱ በ2024 ስፍራውን የተጠበቀ የአርኪዮሎጂ ቦታ አድርጎ የደነገገ ሲሆን፣ በ2025 አንድ መድፍ፣ አንድ የሸክላ ስኒና ጥቂት ሳንቲሞች ለጥናት ወጥተዋል። የእርስዋን ሀብት በተመለከተ ከእስፓኝና ከኮሎምቢያ ሌላ ቃራ ቃራ የተባለው የቦሊቪያ ሕዝብም ድምፁን አሰምቷል። ብሩን ከተራራው የፈለፈሉት አባቶቻችን ናቸው የሚለው ቃላቸው በጭነቱ መዝገብ ውስጥ የጎደለውን ገጽ የሚያስታውስ ነው።

የሜክሲኮም አሠራር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በ1631 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሰጠመችውን «ኑኤስትራ ሴኞራ ዴል ሁንካልን» ብዙ ሀብት ፈላጊዎች ፈቃድ ስጡን እያሉ ቢጠይቁም መንግሥቱ አልፈቀደም። ከዚያ ይልቅ የአገሪቱ የአንትሮፖሎጂና የታሪክ ተቋም ባልደረባ የነበረችው ፒላር ሉና ከ1995 ጀምሮ የመዝገብ ጥናትንና የባሕር አሰሳን ያጣመረ ሥራ አቋቋመች። ከዚያ አደጋ የተረፉት 39 ሰዎች የሰጡት ቃል ከሴቪል ተገኝቶ እንደ ዋና መሪ አገልግሏል። በፍለጋው መንገድ ላይ የተገኙት ሌሎች ፍርስራሾችም ሳይናቁ ተመዘገቡ፤ ዓላማው ወርቅ ሳይሆን ዕውቀት ነበርና።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ጸሐፊው 4584 የሚለውን ቁጥር ሲጽፍ ከ350 ዓመታት በኋላ ማን እንደሚያነበው አያውቅም ነበር። ግዴታው ስለ ሆነ በትክክል ጻፈ፤ ሌሎችም ከእርሱ በኋላ ግዴታቸው ስለ ሆነ ጠበቁት። ጠቃሚ የሚሆነውን ከማይሆነው አስቀድሞ የሚለይ መዝገብ ጠባቂ ስለሌለ፣ ዛሬ በመደርደሪያችን ላይ አቧራ የለበሰውን የዕቃ ግምጃ ቤት ደረሰኝ ንቀን የምንጥልበት ምክንያት የለም። ሁለተኛ፣ የማቴኩምቤ ስሕተት እንደሚያሳየው፣ የቦታና የሰው ስም ሲለዋወጥ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር የሚያገናኝ ማውጫ ማዘጋጀት የሙያችን ትልቁ ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ አንዱ መዝገብ ለሊቁም ለዘራፊውም እኩል ያገለግላል። ሰነዱን የምናወጣለት አንባቢ ምን ሊሠራበት እንደ ሆነ የመጠየቅ ሥልጣን ባይኖረንም፣ ቅርሱን የሚጠብቅ ሕግ እንዲኖርና እንዲከበር ድምፃችንን የማሰማት ግዴታ ግን አለብን።

በእስፓኝ ዝርዝር ከተቆጠሩት 681 መርከቦች አብዛኞቹ ዝርዝሩ ሲወጣ ገና በባሕር ውስጥ ነበሩ። ከእነዚህ አንዲቱ ወደ ፊት በተገኘች ጊዜ፣ ስለ ወርቋ ከሚጻፈው ሐተታ ጎን ለጎን አንድ ጥያቄ መነሣት ይገባዋል፤ ይኸውም የትኛው ዶሴ፣ በማን ተጠብቆ፣ በማን ተነብቦ ወደ እርሷ እንደ መራ ነው።